ያሳፈረን ሁሉ ወንጀል ነው?

ባሕር ዳር ውስጥ ስለ ቲክቶክ ወሬ ከተነሳ፣ ቡናው ሦስተኛ ሳይደርስ «ይዘጋልን» የሚል ሰው አይጠፋም። ለምን ሲባል የሚዘረዝረው ብዙ ነው። ልጃገረዶቹ ዕርቃናቸውን ለመቅረት ምንም አልቀራቸውም። ላይቭ ገብቶ መሰዳደብ የእንጀራ ገመድ ሆኗል። የሃይማኖት አባት አይከበርም። የባልና የሚስት ገመና አደባባይ ወጣ። በዚያው ትንፋሽ ደግሞ ብሔር እየጠሩ ሰውን ከሰው የሚያጫርሱትን ያነሳል። ሁሉም አንድ ዶሴ ውስጥ ይገባል። የዶሴው ስም «ነውር» ነው።

የኔ ጠብ ከዚህ ዶሴ ጋር ነው። አጭር ቀሚስ ለብሳ የጨፈረች ልጅና የሰው ፎቶ ለጥፎ «ጠላት ነው፣ ቤቱም እዚህ ነው» የሚል ሰው ጎን ለጎን የሚቀመጡ አይደሉም። የመጀመሪያዋ ታሳፍረን ይሆናል። ሁለተኛው ያስገድላል። ይህን ለመረዳት ደግሞ የባሕር ዳር ሰው ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልገውም።

ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህር ነበሩ። የትግራይ ተወላጅ ናቸው። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ወደ አማራ ክልል ዘልቆ ነበር። ከተማው በተፈናቃይም በወሬም ተጨናንቋል። በዚያ ሰዓት ስማቸውና ፎቷቸው ከሐሰት ውንጀላ ጋር ፌስቡክ ላይ ወጣ። የት እንደሚሠሩም ተጻፈ። ጥቅምት 24 ቀን 2014 ቤታቸው ደጃፍ ላይ በጥይት ተገደሉ። ልጃቸው እንደሚለው ጽሑፎቹን አስቀድሞ ለፌስቡክ ሪፖርት አድርጓል፤ በጊዜው የሰማው ግን አልነበረም።

ታኅሣሥ 2015 ላይ ልጃቸው ከሌሎች ከሳሾች ጋር ሆኖ የፌስቡክን ባለቤት ሜታን ኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ከሰሰ። ለምን ኬንያ ብትሉ፣ የአማርኛ ጽሑፎችን ጨምሮ የምሥራቅ አፍሪካን ይዘት የሚያጣሩት ሠራተኞች ያኔ በኮንትራት የሚሠሩት ናይሮቢ ስለነበር ነው። ኩባንያው በበኩሉ ጥላቻና ማነሳሳት በደንቡ የተከለከለ መሆኑንና ለቁጥጥሩም ብዙ ገንዘብ እንደሚያወጣ ይናገራል። የኬንያ ፍርድ ቤት እኔን የመዳኘት ሥልጣን የለውም ብሎም ተከራክሯል። ፍርድ ቤቱ መጋቢት 25 ቀን 2017 «ሥልጣን አለኝ» አለ።

አንድ ቀን ደግሞ ከዚህ ጋር አብሮ መታየት አለበት። መስከረም 25 ቀን 2014 ፍራንሲስ ሆገን የተባለች የቀድሞ የፌስቡክ ሠራተኛ አሜሪካ ሴኔት ፊት ቀርባ ነበር። ሰው በብዛት የሚነካካውን ጽሑፍ ወደ ላይ እያወጣ የሚያሳየው የኩባንያው አሠራር የብሔር ግጭት እያቀጣጠለ ነው ስትል ኢትዮጵያን በስም ጠራች። ፕሮፌሰሩ የተገደሉት ከዚያ በኋላ ወር ሳይሞላ ነው።

እንግዲህ ይህን አሠራር ትንሽ ልፍታው። ፌስቡክም ሆነ ቲክቶክ አንድን ነገር ለብዙ ሰው የሚያሳየው ጥሩ ስለሆነ አይደለም። ሰው ቆም ብሎ ስላየው፣ ኮሜንት ስለጻፈበት፣ ሼር ስላደረገው ነው። ኮሜንቱ ምርቃት ይሁን እርግማን ለማሽኑ ያን ያህል ለውጥ የለውም። ንዴት ደግሞ ከሁሉም በላይ ያጽፋል። «እፈሪ!» ብላችሁ የጻፋችሁላት ልጅ ቪዲዮዋ ሌላ ሺህ ሰው ጋ ይደርሳል። ስድቡ ማስታወቂያ ሆኖላት ያርፋል። ነገሩ ያስቃል፤ በብሔር ጥላቻ ላይ ሲሠራ ግን አያስቅም።

አመሻሽ ላይ ጣና ዳር ወክ ያደረገ ሰው የሚያውቀው ነገር አለ። ወጣቶች ስልካቸውን ሦስት እግር ማቆሚያ ላይ ሰክተው ሐይቁን ከኋላ አድርገው ይቀርጻሉ። ከነዚህ ቪዲዮዎች አንዱን አንድ ማታ ተቀምጬ እስከ ኮሜንቱ ጥግ ድረስ አየሁት። ልጅቷ ጂንስ ሱሪና ቲሸርት ነው የለበሰች። ትከሻዋን ትመታለች፣ ትስቃለች፣ አለቀ። አንድ ደቂቃ እንኳ አይሞላም። ከሥር ያለው ግን ረጅም ነው። «ቤተሰብ የላትም እንዴ?» ይላል አንዱ። «የጎጃምን ስም አሰደብሽ» ይላል ሌላው። ከዚያ እዚህ የማይጻፍ ስድብ ይከተላል። ያውም ፕሮፋሉ ላይ የቅዱሳን ሥዕል ከለጠፈ ሰው። ዝቅ ሲል አንዱ «የት ሰፈር ናት?» ይጠይቃል። መልስ አላጣም። «ፋሲሎ አካባቢ አይቻታለሁ» ብሎ ይጽፍለታል።

እስኪ ዳኛ ሁኑና ፍረዱ። ከዚህ ሁሉ ውስጥ ሕግ ሊደርስበት የሚገባው የቱ ነው? ጭፈራው ነው ወይስ «የት ሰፈር ናት?» የሚለው? እኔ በበኩሌ ስለ ጭፈራው የሚያሳስበኝ የለም። የሰፈሩ ጥያቄ ግን እንቅልፍ ይነሳል።

ይህ ማለት ግን ነውር የሚባል ነገር ተረት ነው ማለት አይደለም። ነውርን ከተውነው ማኅበረሰብ አንሆንም። ጉዳዩ ነውራችን ድሮ የሚሠራበት መንገድ ስልክ ላይ አለመሥራቱ ነው።

የኛ ሥርዓት የሚባለውንና የማይባለውን የሚለየው በቦታ ነው። ማታ አዝማሪ ቤት ገብቶ የማይባል ነገር የለም። አዝማሪው ማሲንቆውን ይዞ ፊትህ ይቆምና ቦርጭህን፣ መላጣህን፣ ቋጣሪነትህን በግጥም ያወርድብሃል። ቤቱ ይስቃል። አንተም ትስቃለህ፤ ሳትወድ ብር አውጥተህ ግንባሩ ላይ ትለጥፋለህ። ሹሙም በቅኔ ይነካል። ያው ግጥም እሑድ ጠዋት ደጀ ሰላም ላይ ቢባል ግን ምድር ይሰነጠቃል። ሐይቁ ላይ ደግሞ የተገላቢጦሹ አለ። ክብራን ገብርኤል ገዳም ሴት አይገባም። ይህን ለማስከበር የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ አያስፈልግም። ከባሕር ዳር ስትነሳ ጀልባ ነጂው ራሱ ይነግርሃል፤ ፈረንጁም እሺ ብሎ ይታዘዛል።

ስልክ ይህን አጥር አፈረሰው። አዝማሪ ቤት የተባለው ተቀርጾ፣ ስብከት ስታዳምጥ የነበረች እናት ስልክ ላይ ቀጥሎ ይመጣል። እሷ ወደ አዝማሪ ቤት አልሄደችም፤ አዝማሪ ቤቱ ነው የመጣባት። ቁጣዋ ይገባኛል። ክብራንን በአካል ልታይ የማትችል ሴት ደግሞ የገዳሙን ውስጥ ሶፋዋ ላይ ሆና ታያለች። (ይሄኛውን እንኳ አልጠላሁትም።) በዘጌ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ግድግዳ ላይ በላዔ ሰብእ ተስሏል፤ 78 ነፍስ በላ የሚባለው። ታሪኩን ለሚያውቅ ምእመን ሥዕሉ ስለ ምሕረት ነው፤ በእመቤታችን ስም ለተጠማ ሰው በሰጠው ጥርኝ ውሃ ስለዳነ ኃጢአተኛ። ታሪኩ ተቆርጦ ምስሉ ብቻ ከተለጠፈ ግን አንድ ሰው በላ ብቻ ይቀራል። ያው ሥዕል፣ ያው ቀለም።

ስለዚህ «ሥነ ምግባር ይከበር» የሚለው ጥሪ ኢንተርኔት ላይ ሲደርስ «የማን፣ የት፣ ለማን?» የሚል ጥያቄ ይገጥመዋል። ከተማዋ ራሷ አንድ ዓይነት አይደለችም። ቆብ የደፋ መነኩሴ፣ ከጁምዓ ሶላት የሚወጣ ነጋዴ፣ ከአገሪቱ ዳር ዳር የመጣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ለቅዳሜና እሑድ ከአዲስ አበባ የመጣ ጎብኚ፣ ሁሉም ባንድ የሐይቅ ዳር መንገድ ይሄዳል። ሁሉም የየራሱ ነውር አለው።

ሕጉስ ምን ይላል? ብዙ ሰው ከሚገምተው በላይ ጥንቃቄ የተሞላበት ነው።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 29 ሐሳብን የመግለጽ ነጻነት በይዘቱና በሚያስከትለው አስተሳሰባዊ ውጤት ሊገታ አይገባም የሚል መርህ ያስቀምጣል። ከዚያ ገደብ ሊጣል የሚችልባቸውን ይዘረዝራል፤ የወጣቶች ደህንነት፣ የሰው ክብርና መልካም ስም። የጦርነት ቅስቀሳና ሰብአዊ ክብርን የሚነኩ የአደባባይ መግለጫዎች ደግሞ በሕግ ይከለከላሉ ይላል። የሕዝብ ሞራል የሚባለው ዝርዝሩ ውስጥ የለም። አርቃቂዎቹ ረስተውት ነው እንዳትሉ፣ ስለ ግል ሕይወት በሚናገረው አንቀጽ 26 እና ስለ ሃይማኖት በሚናገረው አንቀጽ 27 ላይ የሕዝብን ሞራል ለመገደቢያ ምክንያትነት ጽፈውታል። ሁለት አንቀጽ ዝቅ ብለው ንግግር ላይ ሲደርሱ ግን አላነሱትም።

የሕግ ሰው የሆነ አንባቢ እዚህ ላይ ያቋርጠኛል። ኢትዮጵያ በ1985 ዓ.ም. የተቀበለችው ዓለም አቀፍ የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን በአንቀጽ 19 ላይ የሕዝብ ሞራልን እንደ ገደብ ይጠቅሳል። ልክ ነው። የቃል ኪዳኑ ጠባቂ የሆነው የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብቶች ኮሚቴ ግን አንድ ማሳሰቢያ አለው። ሞራል ከብዙ ማኅበራዊ፣ ፍልስፍናዊና ሃይማኖታዊ ወጎች የሚቀዳ ስለሆነ፣ በሞራል ስም የሚጣል ገደብ ካንድ ወግ ብቻ ሊቀዳ አይገባም ይላል። ወደ ኛ ሲመጣ፣ መነኩሴውን ያሳፈረ ሁሉ ተማሪውን ያሳስራል ማለት አይደለም።

ከሕገ መንግሥቱ በታች ያሉት ሕጎች ሲታዩ አብዛኞቹ ጉዳትን የሚከተሉ ናቸው። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆችን የወሲብ ምስል የሚሠራና የሚያሰራጭን ሰው በጽኑ እስራት ይቀጣል፤ ከ3 እስከ 10 ዓመት። ሰውን በጽሑፍ፣ በድምፅ ወይም በቪዲዮ ክብሩን የሚያዋርድ ነገር ያሰራጨ ደግሞ ተበዳዩ ሲከስ እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራት ወይም እስከ 30 ሺህ ብር መቀጮ ይጠብቀዋል። የጥላቻ ንግግርና ሐሰተኛ መረጃ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 የሚይዘው በብሔር፣ በሃይማኖት፣ በዘር፣ በጾታ ወይም በአካል ጉዳት ላይ ተመሥርቶ ሆን ብሎ ጥላቻን፣ መድልዎን ወይም ጥቃትን የሚያነሳሳን ነው። ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ከሆነ ቅጣቱ ይከብዳል፤ እስከ 3 ዓመት ወይም እስከ 100 ሺህ ብር። አዋጁ ሲወጣ 5,000 ተከታይ ትልቅ ሰው ያስብል ነበር። ዛሬ ባንድ ሳምንት 5,000 ተከታይ የሚሰበስብ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ አለ። አገልግሎት ሰጪዎቹም ጥቆማ ሲደርሳቸው በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲያወርዱ አዋጁ ያዛል። ካሊፎርኒያ የተቀመጠን ኩባንያ እንዴት ታስገድደዋለህ የሚለው ግን አዋጁ ብቻውን የሚመልሰው አይደለም።

ነውርን ራሱን በቀጥታ የሚቀጣው የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ነው። በአደባባይ የሚፈጸም አሳፋሪ ድርጊትና ወሲባዊ ጽሑፍ ወይም ምስል ማሰራጨት በሱ ይዳኛል። እሱም ቢሆን የጥበብ፣ የሥነ ጽሑፍና የሳይንስ ሥራዎችን ለይቶ ይተዋል። ችግሩ የሚመጣው ፖሊስ ጣቢያ ላይ ነው። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ቲክቶከሮች ከባህልና ከሥነ ምግባር ያፈነገጠ ቪዲዮ ለጠፋችሁ ተብለው መያዛቸውን የሚናገር ዜና ደጋግመን ሰምተናል። ባህልና ሥነ ምግባር ደግሞ መርማሪው እንደተረዳው ነው የሚለጠጠው። ዛሬ ቀሚስ ይለካበታል፤ ነገ ሹሙን የሸነቆጠች የአዝማሪ ግጥም ይለካበታል።

በዚህ መንገድ ከኛ ቀድሞ የሄደ አገር አለ። የኛ ዓባይ የሚወርድበት ግብፅ። እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጡት ቁጥር 175 የሳይበር ሕግ የግብፅን ኅብረተሰብ የቤተሰብ እሴት የሚጥስ ይላል። እሴቱ ምን እንደሆነ አይዘረዝርም። እ.ኤ.አ. በ2020 ቲክቶክ ላይ ታዋቂ የሆኑ ወጣት ሴቶች በዚህ ሕግ ሁለት ሁለት ዓመት ተፈረደባቸው። ቪዲዮዎቹ ዘፈን፣ ጭፈራና ወሬ ነበሩ። ቃሉ ክፍት ሲተው የሚገባበት መጀመሪያ ሴት ናት። እኛ ጋም ኮሜንቱን ያነበበ ሰው ይህን ለማመን አይቸገርም።

ጭራሹን መዝጋትስ? ይህን ከባሕር ዳር ሰው በላይ የሚያውቀው የለም። ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ፌስቡክ፣ ዩቲዩብ፣ ቴሌግራምና ቲክቶክ አገር አቀፍ ታግደው ነበር፤ ሰበቡ የቤተ ክርስቲያኗ ውዝግብ ነበር። እገዳው ተነሳ ተብሎ ወር ሳይሞላ ክልሉ ውስጥ የሞባይል ዳታ ጠፋ። ለአንድ ዓመት ገደማ። ያኔ ዋይፋይ ያለበት ሆቴል በረንዳ የከተማው ቢሮ ሆኖ ነበር። ተማሪው ማመልከቻውን፣ ነጋዴው የዕቃ ዋጋውን፣ እናት ውጭ አገር ያለ ልጇን እዚያ ነው የምትጠብቅ። የጥላቻ ወሬ ግን አልቆመም። የሚጽፉት አብዛኞቹ ከክልሉም ካገርም ውጭ ናቸው፤ ለነሱ ዳታ አልተዘጋባቸውም። የተዘጋው መልስ ሊሰጥ የሚችለው፣ «ኧረ ውሸት ነው፣ እኔ እዚሁ ነኝ» ሊል የሚችለው ሰው ላይ ነው።

«ይዘጋልን» ባዮቹ እውነት ያላቸው አንድ ቦታ አለ፤ ልጆች። እዚህ ላይ ነጻነት ነጻነት የሚለው ክርክር አይማርከኝም። ቲክቶክ በራሱ ደንብ ከ13 ዓመት በታች አካውንት አይፈቅድም፤ ራስ ላይቭ ለማስተላለፍና ስጦታ ለመላክ 18 መሙላት ያስፈልጋል ይላል። የኛ ልጅ ግን የትውልድ ዘመኑን ራሱ ነው የሚጽፈው፤ ብዙ ጊዜም በእናቱ ስልክ። ከዚያ ማታ ሁለት ሰዎች ባትል ገጥመው፣ ማን የበለጠ ይሳደባል ተባብለው፣ ስጦታ ሲዘንብላቸው ያያል። ስጦታው ወደ ገንዘብ ይቀየራል፤ ኩባንያውም ድርሻውን ይወስዳል። የላይቩን ስድብ ከአዝማሪው ስድብ የሚለየው ዋናው ነገርም ይኼው ነው። አዝማሪው ሲያበዛ ጋሼ አንተ ተው የሚለው ሰው አለ። ላይቭ ላይ ሲያበዛ ይሸለማል።

አውስትራሊያ ከታኅሣሥ 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ከ16 ዓመት በታች ያሉ ልጆች የማኅበራዊ ሚዲያ አካውንት እንዳይኖራቸው ከልክላለች። ግዴታውን የጣለችው በልጁ ወይም በወላጁ ላይ አይደለም። በኩባንያዎቹ ላይ ነው። ለኛ ይሠራል ወይ? የዕድሜ ማረጋገጫው ራሱ ሌላ ጣጣ ነው፤ መታወቂያህን ለቲክቶክ ስጥ ማለት ሊሆን ይችላል። አቅጣጫው ግን ልክ ይመስለኛል። የወጣቶች ደህንነት ሕገ መንግሥታችንም የጠቀሰው ምክንያት ነው፤ ተጠያቂው ደግሞ ከስድቡ ላይ የሚያተርፈው መሆን አለበት። እስከዚያው ቲክቶክ ላይ ወላጅ አካውንቱን ከልጁ ጋር የሚያገናኝበት አማራጭ አለ። ሰዓት ይገድባል፣ ፍለጋ ይዘጋል። ሴቲንግ ውስጥ ነው። ለማስተካከል የሚወስደው ጊዜ አንድ ስኒ ቡና ከመጠጣት ያነሰ ነው፤ ስንት ወላጅ እንደሞከረው ግን እንጃ።

ለአዋቂው ግን ነውርን ለነውር ዳኞች እንተውለት ባይ ነኝ። አለማየት፣ ብሎክ ማድረግ፣ ኮሜንት አለመጻፍ፣ የሚያውቁትን ሰው ለብቻው ጠርቶ መምከር። ሽማግሌም፣ የነፍስ አባትም፣ ሼኹም ሥራ አላቸው። ፖሊስ ደግሞ ሌላ ሥራ አለው፤ የተሰረቀ የግል ቪዲዮ ቴሌግራም ላይ የሚቸበችበውን፣ የሰው ቤት አድራሻ የሚለጥፈውን፣ «በሉት» የሚለውን መያዝ። ቀሚስ ሲለካ የዋለ መርማሪ ለነዚህ ጊዜ አይተርፈውም።

እነዚህ ጉዳዮች ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚከሽፉት በማስረጃ ነው። ቪዲዮዋ የወጣባት ልጅ መጀመሪያ የምትሮጠው እንዲጠፋ ለመለመን ነው። ሲጠፋ ማስረጃውም አብሮ ይጠፋል፤ ያሰራጨውም በሌላ ስም ነገ ይመለሳል። ሪፖርት ከመደረጉ በፊት ሊንኩ ይቀዳ። የገጹ ስም በግልጽ የሚታይበት፣ ቀንና ሰዓቱ ያለበት ስክሪንሻት ይነሳ። ለሌላ ሰው የተላከ እንደሆነ ተቀባዩ መልእክቱን እንዳያጠፋው ይነገረው። ከዚያ ነው ሪፖርቱም፣ የፖሊስ አቤቱታውም። ስም የማጥፋቱ ክስ ያለ ተበዳዩ አቤቱታ አይንቀሳቀስም። አቤቱታ ይዛ ጣቢያ የገባችን ልጅ ደግሞ የመጀመሪያው ጥያቄ «ለምን ተቀረጽሽ?» መሆኑ ቢቀር፣ ማን እንደለጠፈው ለመጠየቅ ጊዜ ይገኛል።